ሪሲቨሩ ሰው ሊለውጥ ገበያ የወጣ ለት

የሌሊት ሕልምማ ማንም ያያል፤ ወንዳፍራሽ ባለፈው እሁድ ያየው ግን የቀን ሕልም ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ከምሳ በኋላ ሰው ይተኛል። ሙቀቱ ያስተኛዋል፤ ያልተኛውም የተኛውን እንዳይቀሰቅስ ድምፁን ይቀንሳል። ወንዳፍራሽም ሽርጡን አገልድሞ ከዚራ ሰፈር ባለችው ቤቱ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ ጋደም አለ። ለመተኛት ሳይሆን ለማሰብ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ነጋዴው ሻፊ ይመጣል፤ ሻፊ ሳይመጣ አንድ ነገር መወሰን አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዳፍራሽ ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ ነው። ድሮ ከጅቡቲ ሲመለስ በፎጣ ጠቅልሎ፣ ከነጂው ወንበር አጠገብ አስቀምጦ ያመጣው ሆም ቴአትር አለው። የሆም ቴአትር ጌታው ሪሲቨሩ ነው፤ ድምፁን ተቀብሎ ለአምስቱ ስፒከሮችና መሬት ላይ ለሚቀመጠው ወፍራም ቤዝ የሚያከፋፍለው ጥቁር ሳጥን። ሁለቱ ስፒከሮች ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ አንዱ ከሥሩ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ደግሞ ከወንዳፍራሽ ወንበር በስተኋላ፣ በግራና በቀኝ ናቸው። ያ ወንበር የአባወራ ወንበር ነው። ማንም አይቀመጥበትም። ሚስቱ እታገኝ እንኳ አቧራውን ትጠርግለታለች እንጂ አንድ ቀን ቁጭ ብላበት አታውቅም።

የልጃቸው የቤዛዊት የሠርግ ፊልም ሲከፈት ታዲያ ጉድ ነበር። በዚያ ሠርግ ላይ የወንዳፍራሽ እናት ተዋበች እልል ብላለች። እልልታዋ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ከኋላው የግራ ስፒከር ነው የሚወጣው። ወንዳፍራሽ ወንበሩ ላይ ቁጭ ሲል እናቱ ከትከሻው ጀርባ ቆማ እልል የምትል ይመስለዋል። ተዋበች ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። እሱም በየዓመት በዓሉ ፊልሙን ይከፍታል፤ ሰው ሳያየው ዐይኑን ይጠርጋል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን እልልታው መጀመሪያ ከጎረቤት የሚመጣ መሰለ፤ ቀጥሎ ከሩቅ ሠርግ ቤት፤ ከዚያ ጭራሹን ጠፋ።

«ሪሲቨሩ አርጅቷል» አለ ወንዳፍራሽ።

«ኧረ ይሰማል!» አለች እታገኝ ከጓዳ።

«አንቺ ወጪ ስለምትፈሪ ነው።»

ቴክኒሻን ተጠራ። ገመድ አቀያየረና «ጋሼ፣ ምንም የለበትም» ብሎ ሄደ። ወንዳፍራሽ አላመነውም። ራሱ ጎንበስ ብሎ በግድግዳውና በቁምሳጥኑ መሀል ተሸጉጦ ስፒከሩ ላይ ጆሮውን ለጠፈ። ጭጭ! «የድምፅን ነገር ለእኔ ተዉልኝ» አለ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ራሴን በመስኮት አውጥቼ፣ በድምፁ ብቻ የትኛው ፉርጎ እንደታመመ ያወቅሁ ሰው ነኝ።» በጆሮው የሚመጣበትን ሰው አይወድም።

ሻፊ ታይዋን ገበያ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ይሸጣል። አሮጌ ዕቃ ወስዶ በአዲስ መለወጥም ያውቅበታል። «ጋሼ፣ ሰባት ስፒከር የሚችል መጥቷል» አለው። «አሮጌውን እወስዳለሁ፣ አንተ ትንሽ ትጨምራለህ፣ አለቀ አቦ!» ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም አያስቸግርም። ወንዳፍራሽ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ፈራ። ባይለውጥ እናቱን አይሰማትም። ቢለውጥስ? አዲሱ እሷን የት ያውቃታል? በፎጣ ጠቅልሎ ያመጣውን ዕቃ እንደ ልዋጭ ልብስ አሳልፎ መስጠቱም አሳፈረው። ወትሮ በግራ ጎኑ ነው የሚተኛው፤ የዚያን ቀን ግን ሪሲቨሩን ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ቀኝ ጉንጩን ወፍራሙ የጥጥ ትራስ ውስጥ ቀብሮ ተኛ። እንቅልፉም ሳይጠራ መጣ።

ራሱን መደርደሪያ ላይ አገኘው።

ቦታው ታይዋን ገበያ ነበር፤ የተደረደሩት ግን ሰዎች ናቸው። ከጎኑ አንድ የሒሳብ አስተማሪ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ግንባሩ ላይ «ያልተከፈተ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ከሥሩ ሦስት እህትማማቾች በአንድ ካርቶን ታሽገው ይሳሳቃሉ። በመተላለፊያው ፍሪጆች፣ ካውያዎችና ቴሌቪዥኖች ዘንቢል አንጠልጥለው ይዘዋወራሉ። ውጭ መንገዱ ላይ አንድ ጆንያ ብቻውን እየዞረ «ቆራሌ! ያረጀ ባል! የተሰበረ አማች!» ይላል። አንድ ፍሪጅ መጣና የወንዳፍራሽን አፍ ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ።

«መብራት አለው?»

«ሲስቅ ይበራል» አለ ሻጩ። ሻጩ የግድግዳ ሰዓት ነበር።

ወንዳፍራሽ አልተቆጣም። ይልቅስ ሲስቅ የቱ ጋ እንደሚበራ ለማወቅ ጓጓ። ሊጠይቅ ሲል ፍሪጁ «ቅዝቃዜው ይወጣል» ብሎ አፉን ዘጋበት።

በዚህ መሀል ሪሲቨሩ ገባ። የራሱ የወንዳፍራሽ ሪሲቨር! የጌታውን የእሁድ ኮፍያ ደፍቷል፤ ገመዱን ከኋላው ይጎትታል። ሰዓቱ ፊት ሲደርስ ዞር ብሎ ጀርባውን ሰጠው። ሰዓቱም ከመቀመጫው ተነስቶ ጀርባውን ሰጠው። በዚያ አገር ሰላምታው እንዲህ ነበር፤ ሰው ለሚያከብረው ጀርባውን ይሰጣል፤ ፊት ለፊት ማየት የባለጌ ነው። ወንዳፍራሽ ሌላውን ሁሉ በደስታ ያይ ነበር፤ ይህ ብቻ አልዋጥልህ አለው። እሱ ከታላቁ ፊት ሲወጣ እንኳ ወደ ኋላ እየሄደ የሚወጣ ሰው ነው። እናቱ እንደዚያ ነው ያሳደገችው።

«አንድ የቤት ሰው ነበረኝ» አለ ሪሲቨሩ ለሰዓቱ። «አርጅቷል። ልለውጠው ወይስ ላቆየው እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ።»

«ምን ሆነ?»

«አይቀበልም። እኔ እልካለሁ፣ እሱ አይቀበልም። ከዚያ እኔን አርጅተሃል ይለኛል።»

ሰዓቱ አንድ ወጣት ከመደርደሪያው አወረደ። ወጣቱ ጆሮ በጆሮ ነበር።

«አዲስ የገባ ነው። ሰባት ጆሮ አለው። ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ ሁለት ከአናቱ።»

«ሰባተኛውስ?»

«እሱ ለጎረቤት ወሬ ብቻ ነው።»

ሪሲቨሩ ጠጋ ብሎ ሲያይ በሰባቱም ጆሮዎች ጥጥ ተወትፏል። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ወጣቱ ራሱ መለሰ፦ «ሁሉንም መስማት ከበደኝ።»

«የእኔ አሮጌ እኮ» አለ ሪሲቨሩ ቀስ ብሎ፣ «እናቱን ሲሰማ ያለቅስ ነበር። ይሄስ ያለቅሳል?»

ሰዓቱ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «እሱ አሁን አይመረትም።»

ወንዳፍራሽ ይህን ሲሰማ ከመደርደሪያው ዘለለ። መሬት ሲረግጥ ግን ገበያው የለም፤ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ደጅ ላይ ነበር። ከበሩ እስከ አደባባዩ ረጅም ሰልፍ ተሰልፏል። የተሰለፉት ኃላፊዎች ናቸው፤ ከረባት ያሰሩ፣ ፋይል ያቀፉ፣ ላብ ያጠመቃቸው። ከጠረጴዛው ኋላ ያለው ወንበር ባዶ ነበርና ወንዳፍራሽ ተቀመጠበት።

«ባለጉዳዩ መጡ! ባለጉዳዩ መጡ!» ተባባሉ።

አንደኛው ኃላፊ እጅ ነስቶ ቀረበ። «ጌታዬ፣ ፊርማዬን ይቀበሉኝ ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ።»

«ፎቶኮፒ አለህ?» አለ ወንዳፍራሽ።

«አለኝ።»

«ሁለት?»

«አንድ ነው፣ ጌታዬ።»

«ነገ ና።»

ይህችን ቃል ለማለት ዕድሜውን ሙሉ ጠብቋል። ጣፈጠችው፤ ለሁለተኛውም አላት፤ ለሦስተኛውም። አራተኛው ግን ሽማግሌ ነበሩ፤ ማልቀስ ጀመሩ። ወንዳፍራሽ አዘነላቸውና «በሉ ይምቱ» አለ። ሽማግሌው ማኅተሙን አንስተው መቱ፤ ወረቀቱን ስተው የወንዳፍራሽ ግራ ጆሮ ላይ አሳረፉት።

«ምን ይላል?» አለ ጆሮውን እየዳሰሰ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። «ለምሳ ወጥተናል ይላል።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«እሱ አይጻፍም።»

ወንዳፍራሽ ምሳ የወጡት እነማን እንደሆኑ ሊጠይቅ ሲል ወንበሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መሥሪያ ቤቱ ባቡር ጣቢያ ሆኗል። ተሳፋሪዎቹ ሐዲድ ላይ ተሰልፈው ይሮጣሉ፤ ባቡሩ ደግሞ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሳምቡሳ ይበላል። ግመሎች ትኬት ይቆርጣሉ። ባቡሩ ወንዳፍራሽን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሳ፤ በጨዋ ደንብ ጀርባውን ሰጠው።

«ወንዴ፣ ይቅርታህን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ።

«ለምኑ? እኔና አንተ ተቀያይመን እናውቃለን እንዴ?»

«ቅያሜ የለንም። ብቻ ሠላሳ ዓመት ጮኼብሃለሁ።»

«ሥራህ አይደል!»

«ሥራዬ ነው» አለ ባቡሩ፣ ሳምቡሳውን ቆርሶ አካፈለውና። «ነገርህን የሚያዩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይጠብቁሃል፤ ቶሎ ሂድ።»

ሽማግሌዎቹ በከዚራ ዛፎች ሥር ተቀምጠዋል። አምስቱ የቤቱ ስፒከሮች ናቸው፤ ጋቢ ለብሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ቤዙ ወፍራም ስለሆነ አግዳሚው አልቻለውም፤ መሬት ላይ ነው። መሀል የተቀመጠው ስፒከር፣ የፊልም ንግግር ሁሉ በእሱ በኩል ስለሚያልፍ መናገር ለምዷል፤ ነገሩን እሱ ያዘው። ሪሲቨሩ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። ሰባት ጆሮው ወጣት ከእነካርቶኑ መጥቷል። ኃላፊዎቹም፣ ግመሎቹም፣ ፍሪጁም ዙሪያውን ከበዋል። ሁሉም ጀርባቸውን ለሽማግሌዎቹ ሰጥተዋል፤ ወንዳፍራሽ ብቻ ፊት ለፊት ያያል።

«ጉዳዩ ይሰማ» አለ መሀለኛው።

«ይህን ሰው ልለውጠው ወይስ ላቆየው?» አለ ሪሲቨሩ። «ከጅቡቲ በፎጣ ጠቅልሎ ያመጣኝ ሰው ነው። አሁን ግን የምልክለት አይደርሰውም።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ ደህና ነኝ» አለ ወንዳፍራሽ። «ያረጀው እሱ ነው።»

ቤዙ «እህህህ» አለ፤ መሬቱ ተነቃነቀ። ከዛፉ ላይ ሁለት ወፎች ወደቁ፤ ልብሳቸውን አራግፈው በእግራቸው ሄዱ።

«እንግዲያውስ ምስክር ትቅረብ!»

ከረድፉ ጫፍ የኋላዋ ግራ ስፒከር ተነሳች። ጋቢዋን ስታወርድ ከሥሩ የለበሰችው ነጠላ ታየ፤ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ ነው። ወንዳፍራሽ ነጠላውን አወቀው። እናቱ ለቤዛዊት ሠርግ የለበሰችው ነው። ስፒከሯ እጇን ከአፏ አጠገብ አድርጋ፣ ራሷን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ አፏን ከፈተች።

የዛፎቹ ቅጠል ረገፈ። ግመሎቹ አንገታቸውን አቀኑ። ሰባት ጆሮው ወጣት ጥጦቹን አንድ በአንድ አወጣ። ኃላፊዎቹ ፋይላቸውን ጥለው ማጨብጨብ ጀመሩ። ወንዳፍራሽ ግን ምንም አልሰማም።

«ሰማህ?» አለ መሀለኛው።

አልሰማሁም ማለት ይችል ነበር። ግን ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ባቡር፣ ያ ሠላሳ ዓመት!

«ሰማሁ» አለ።

«ምን አለች?»

«አለች እንግዲህ… የምትለውን አለች።»

ማንም አልሳቀበትም። ቢስቁበት ይሻለው ነበር። ወንዳፍራሽ ነጠላውን ደግሞ አየ። «አልሰማኋትም» አለ። «ውሸቴን ነው። እናቴን ከሰማኋት ሁለት ዓመት አለፈኝ። መልሱልኝ! የፈለጋችሁትን ለውጡ፣ ብቻ እሷን መልሱልኝ!» ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሪሲቨሩ ኮፍያውን መልሶ ደፋ። «አልለውጠውም» አለ። «ያለቅሳል እኮ፣ አያችሁት።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?» አለ መሀለኛው።

ስፒከሮቹ አንድ ላይ «ይዙር!» አሉ።

«ማን ይዙር?» አለ ወንዳፍራሽ።

«አንተ። ዙር። ጀርባህን ስጠን።»

«ለሽማግሌ? በእናቴ ፊት? እንደሱ አላሳደገችኝም!»

«ዙር!» አለ ቤዙ።

«አልዞርም!»

«ዙር!» አሉ ግመሎቹ። «ዙር እንጂ አቦ!» አለ ፍሪጁ። ባቡሩ ከጣቢያው ሆኖ ጡሩንባውን ነፋ። ወንዳፍራሽ አግዳሚውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። እሱ አልዞር ሲል ከዚራ ራሷ መዞር ጀመረች፤ ዛፎቹ፣ ሰልፉ፣ ገበያው፣ ሁሉም ዞረ። የሆነ እጅም ትከሻውን አፈፍ አደረገው።

ዐይኑን ገለጠ። እታገኝ ትከሻውን ይዛ ትነቀንቀዋለች። አፏ ይከፈታል፤ ይዘጋል። የአንገቷ ሥር ተገታትሯል። ድምፅ ግን የላትም። ሕልሙ ያላለቀ መሰለው። ራሱን ከትራሱ ቀና አደረገ።

«…ሞትክ እንዴ ወንዴ! ሰፈሩ ሁሉ ተነሳ፣ አንተ ብቻ ቀረህ! ሻፊ በር ላይ ቆሟል!»

ወንዳፍራሽ ቀኝ ጆሮውን መልሶ ትራሱ ላይ አሳረፈ። እታገኝ አፏ ብቻ ቀረ። ቀና አለ፤ ድምፅዋ መጣ። ደግሞ ተኛ፤ ጠፋች።

«ምን ሆንክ? አመመህ?»

«ዝም አትበይ፤ ተናገሪ» አለና አሁንም ጋደም አለ።

ባቡሩ ላይ የነጂው መስኮት በግራ በኩል ነበር። ጡሩንባውም ከመስኮቱ በላይ ነበር። ስፒከሩ ላይ የለጠፈውም ግራ ጆሮውን ነበር። ወንዳፍራሽ ቁጭ ብሎ ግራ ጆሮውን በመዳፉ ዳሰሰው። ሪሲቨሩን አየው፤ አፈረው።

ተነስቶ የቤዛዊትን ሠርግ ከፈተ። ከዚያ እታገኝ በሠላሳ አምስት ዓመት ትዳር አይታው የማታውቀውን አደረገ። ያን የአባወራ ወንበር አንስቶ፣ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ፊቱን ለባዶው ግድግዳ አድርጎ አዞረውና ተቀመጠበት። ከኋላው በግራ የነበረው ስፒከር አሁን ከፊቱ በቀኝ ሆነ።

ሻፊ ካርቶኑን በትከሻው ተሸክሞ ገባ። ሙሽሮቹ ቴሌቪዥኑ ላይ ኬክ ይቆርሳሉ፤ ሰውየው ግድግዳ ያያል።

«ጋሼ፣ ቴሌቪዥኑ በዚያ በኩል ነው እኮ!»

ወንዳፍራሽ እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ ዝም በል ማለቱ ነው። ያኔ ተዋበች እልል አለች። ጥርት ብላ፣ ረዘም አድርጋ፣ እዚያው አጠገቡ። ለካ እናቱ ሁለት ዓመት ሙሉ እልል ስትል ነው የቆየችው። እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ አልጠረገውም።

እታገኝ ግራ ገብቷት ወደ ሻፊ አየች። «ወንዴ፣ ሻፊን ምን ልበለው?»

«ያረጀው ሪሲቨሩ አይደለም በይው» አለ ወንዳፍራሽ፣ ሳይዞር።

ሻፊ ነጋዴ ነው፤ ከመጣ በባዶ እጁ መመለስ አይወድም። «ታዲያ ያረጀው ምኑ ነው?» አለ ካርቶኑን እያወረደ። «ንገረኝ ጋሼ፣ ምንም ይሁን እለውጥልሃለሁ አቦ!»

«እሱ አሁን አይመረትም» አለው።